ወንዝና ነጻነት፦ ተከዜና ጸላሪ በዋግ የዐርበኝነት ዘመን

አንድ ሕዝብ ለነጻነቱ ያደረገው ተጋድሎ ከመሬቱ አቀማመጥና ከውኃው ጠባይ ተነጥሎ ሊጠና አይችልም። ይሁን እንጂ በብዙ ትምህርት ቤቶች የታሪክ መምህሩ የጦርነቱን ቀን፣ የጂኦግራፊ መምህሩ ደግሞ የወንዙን ስም በየፊናቸው ሲያስተምሩ ይታያል። ሁለቱን አገናኝቶ ለማስተማር ሰቆጣና የዋግ ኽምራ ደጋማ አገር ጥሩ ምሳሌ ይሆናሉ።

የተከዜ ወንዝ ከላስታ ተራሮች ተነሥቶ በዋግ ምዕራባዊ ወሰን በኩል ወደ ሰሜን ይወርዳል፤ በመጨረሻም በሱዳን ከአትባራ ጋር ተቀላቅሎ ወደ ዓባይ ይገባል። ጸላሪም ዋግን አቋርጦ ተከዜ ውስጥ ይገባል። ዝናቡ በሐምሌና በነሐሴ ስለሚያይል በእነዚህ ወራት ሙላቱ አይደፈርም። በበጋ ግን መልካውን የሚያውቅ ባላገር በእግሩ ይሻገራል።

ይህ የወቅት ልዩነት በወረራው ዘመን ታሪክ ላይ ጎልቶ ይታያል። በታኅሣሥ 1928 ዓ.ም. ውኃው በጎደለ ጊዜ የራስ እምሩ ሠራዊት ከዋግ በታች ተከዜን ተሻግሮ በደምበጉና ጠላትን ድል አደረገ። በዚያው ዓመት በመጋቢት፣ አሁንም በበጋ፣ የኢጣሊያ ጦር ሰቆጣን ያዘ። በአንጻሩ በዋግ ሹም ኃይሉ ከበደ የተመራው ዐመፅ የተነሣው በ1929 ዓ.ም. ክረምት ነው። ወቅቱ ጭቃውና ሙላቱ የጠላትን የጭነት መኪና ከመንገድ የሚያስቀሩበት ነበር። ሆኖም ክረምቱ አውሮፕላንን ሙሉ በሙሉ አያግድም፤ ዘላቂም አይደለም። ዋግ ሹም ኃይሉ በመስከረም 1930 ዓ.ም. ዝናቡ ሲያበቃ ተገደሉ፤ ራሳቸውም ተቆርጦ ለሕዝብ ማስፈራሪያ እንዲታይ ተደረገ። ይሁንና ተጋድሎው በዚህ አላከተመም።

በሌላው ዓለም የታየውን ማነጻጸርም ይጠቅማል። በአሜሪካ የነጻነት ጦርነት፣ እ.ኤ.አ. በ1778፣ ጆርጅ ሮጀርስ ክላርክ የጠረፍ ሰፋሪዎችን አስከትሎ በኦሃዮ ወንዝ በጀልባ ወረደ፤ በየካቲት 1779 ደግሞ የዋባሽ ወንዝ ያጥለቀለቀውን ሜዳ በእግር አቋርጦ ቪንሴንስን ያዘ። በዚያ ወንዙ ራሱ መንገድ ሆኖ አገልግሏል። ጥልቅ ገደል ውስጥ የሚወርደው ተከዜ ግን በዚያ ዘመን የጀልባ መንገድ አልነበረም፤ ጥቅሙ መልካውንና ወቅቱን ለሚያውቅ ብቻ ነበር።

ይህ ዕውቀት በአብዛኛው በመጽሐፍ አልሰፈረም፤ በሽማግሌዎች ዘንድ ይገኛል። ቁመቱ 188 ሜትር የሆነው የተከዜ ግድብ በ2002 ዓ.ም. ከተመረቀ ወዲህ ውኃው የተኛበት ሸለቆ ከነመልካው ተሸፍኗል። ስለሆነም መምህራን ተማሪዎቻቸው የአካባቢያቸውን ሁለት ካርታዎች፣ አንዱን ለየካቲት ሌላውን ለነሐሴ፣ እንዲነድፉና የመልካዎችን ስም ከአረጋውያን ጠይቀው እንዲመዘግቡ ቢያደርጉ መልካም ነው። ዕቅድ አውጪዎችም የነሐሴውን ካርታ ሊመለከቱት ይገባል። ጠላትን ያገደ ሙላት ዛሬ ተማሪን ከትምህርት ቤቱ ሊያስቀር ይችላልና።