የኤሌክትሪክ መኪናው ጥያቄ ከሰቆጣ ሲታይ

ከሰቆጣ ወደ ፃግብጂ ወረዳ ቀበሌዎች ዱቄት፣ ዘይት ወይም ሳሙና የሚልክ ቸርቻሪ ምርጫው ጥቂት ነው። ባጃጅ እስከምትደርስበት ባጃጅ፣ መንገዱ እስከፈቀደ አይሱዙ፣ ከዚያ ወዲያ አህያ። ቤንዚን ከማደያ ሲጠፋ በጄሪካን ከሚሸጥ ሰው ይገዛል፤ የጄሪካኑም ዋጋ በሳሙናው ላይ ተደምሮ መጨረሻ ላይ የሚከፍለው ገበሬው ነው። የከተማው ሰው እንደ ቅንጦት የሚያየው የኤሌክትሪክ መኪና ጉዳይ የሰቆጣን ዞን ዋግ ኽምራን የሚመለከተው በዚህ በኩል ነው።

መንግሥት በ2014 ዓ.ም. የነዳጅ ድጎማን ደረጃ በደረጃ ማንሳት ጀመረ። በዚያው ዓመት የኤሌክትሪክ ተሽከርካሪዎች ከተጨማሪ እሴት ታክስ፣ ከኤክሳይስና ከሱር ታክስ ነፃ ሆኑ፤ ተገጣጥመው የሚገቡት 15 በመቶ፣ በከፊል የተገጣጠሙት 5 በመቶ የጉምሩክ ቀረጥ ብቻ እንዲከፍሉ ተደረገ። በጥር 2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉ ተነገረ። ውሳኔው ለመላው አገር ነው፤ የኃይል መሙያ ጣቢያው ግን በአብዛኛው አዲስ አበባ ላይ ተከማችቷል።

ለዋግ ኽምራ የኃይል ምንጭ ሩቅ አይደለም። 188 ሜትር ከፍታ ያለው የተከዜ ግድብ በ2002 ዓ.ም. 300 ሜጋ ዋት ለማመንጨት ሥራ ሲጀምር፣ ሐይቁ የዞኑን ቆላማ ወረዳዎች ዳር ይዞ ተኛ። ሆኖም በሰሜኑ ጦርነት ሰቆጣ ለረጅም ጊዜ ያለ መብራት ቆይታለች፤ ከአበርገሌና ከፃግብጂ የተፈናቀሉትም እዚያው ጨለማ ውስጥ ተጠልለዋል። ይህን ያየ ነጋዴ ሁሉንም ንብረቱን በመብራት በሚሄድ መኪና ላይ ለማዋል ቢያመነታ አይፈረድበትም። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው ታላቁ የሕዳሴ ግድብ 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አለው፤ ሰቆጣ ላይ የሚለካው ግን የመጨረሻው ትራንስፎርመርና የመስመሩ አስተማማኝነት ነው።

ዳገቱስ? ብዙ ሰው የሚፈራው እሱን ነው። ከተከዜ ሐይቅ ዳር እስከ ሰቆጣ ያለው የከፍታ ልዩነት ከ1,000 ሜትር በላይ ነው። ከነጭነቱ 2 ቶን የሚመዝን ትንሽ ቫን 1,000 ሜትር ሽቅብ ለመውጣት ብቻ 5.5 ኪሎ ዋት ሰዓት ገደማ ይፈልጋል። ባትሪው 40 ኪሎ ዋት ሰዓት የሚይዝ ከሆነ፣ በሞተሩ የሚባክነውን ጨምረን እንኳ ሲበዛ አምስተኛውን ያህል ነው፤ በአግድሙ ለሚጓዘው ርቀት የሚፈጀው ለብቻው ይታሰባል። ቁልቁለት ላይ ሞተሩ እንደ ዲናሞ እየሠራ ከፊሉን ይመልሳል። በደጋ አየሩ ስለሚሳሳ የነዳጅ ሞተር ጉልበቱ ይቀንሳል፤ የኤሌክትሪክ ሞተር አየር ስለማይፈልግ ይህ አይነካውም። ከተከዜ ዓሣ የሚያወጡ ወጣቶች ዓሣው ሳይበላሽ ገበያ እንዲደርስላቸው ከሁሉ የሚፈልጉት ፍጥነትና ቅዝቃዜ ነው፤ ባትሪው ማቀዝቀዣውንም ሊያንቀሳቅስ ይችላል። ፈታኙ ጠጠርና ጎርፍ የሚቦረቡረው መንገድ፣ የመለዋወጫ እጥረትና ባትሪ የሚያውቅ ጋራዥ አለመኖሩ ነው።

ስለዚህ ከሰቆጣ ወደ አዲስ አበባ የሚሄደውን ከባድ ጭነት ለጊዜው እንተወውና ጠዋት ወጥቶ ማታ ከሚመለሰው እንጀምር። እንዲህ ያለ መኪና የከተማውን ፈጣን ባትሪ መሙያ አይጠብቅም፤ በ7 ኪሎ ዋት መስመር በ6 ሰዓት ገደማ ይሞላል፣ ሌሊቱ ይበቃዋል። ለአንድ ቸርቻሪ ዋጋው ከባድ ስለሆነ የኅብረት ሥራ ማኅበራት በጋራ ቢገዙት ይሻላል፤ እንደ ፀደይ ባንክ ያሉ አበዳሪዎችም መኪናውን ራሱን መያዣ አድርገው ቢያበድሩ መንገዱ ይከፈታል።

የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎትና የዞኑ አስተዳደር አንድ ነገር ቢያስቀድሙ እላለሁ፤ መኪናው ከመምጣቱ በፊት በሰቆጣ ገበያ አጠገብ የራሱ ትራንስፎርመርና መብራት ሲጠፋ የሚደርስ የፀሐይ ኃይል ያለው አንድ የመሙያ ቦታ ያቁሙ።