የቅዳሜ ማታው የድንጋይ ጥያቄ

የምንኖረው ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ታኅሣሥ 26 ቀን 2017 ዓ.ም. ሌሊት፣ 10 ሰዓት ሊሆን ሲል፣ ከፈንታሌ አካባቢ የተነሳው የመሬት መንቀጥቀጥ አልጋችንን ሲወዘውዝ የዘጠኝ ዓመቷ ልጄ ነቅታ ነበር። ከዚያ በኋላ ለሳምንታት ጫማዋን ሳታወልቅ ተኛች። «አይዞሽ፣ ሩቅ ነው» ብንላትም አላመነችንም። ሩቅ ያለ ነገር እንዴት አልጋ ያወዛውዛል? እውነቷን ነው።

መላውን ያመጣው ቨርጂኒያ ያለው ወንድሜ ነው። ቅዳሜ ከምሽቱ 3 ሰዓት፣ እሱ ጋ ገና ከቀኑ 7 ሰዓት፣ ዱባይ ያለችውን እህታችንንም ጨምረን በስልክ ቪዲዮ ጥያቄና መልስ ጀመርን። ርዕሱ የአገራችን ድንጋይ፣ ተራራና ሐይቅ ብቻ ነው። ጎግል ያደረገ ከጨዋታ ይወጣል። (እህቴ በመጀመሪያው ቀን ወጥታለች።)

የቢሾፍቱ ሆራ እንዴት ተፈጠረ? ከታች የመጣ ቅልጥ ዓለት ከከርሰ ምድር ውኃ ጋር ተገናኝቶ ሲፈነዳ የቀረ ጉድጓድ ነው። በዓባይ በረሃ ያለው የኖራ ድንጋይስ? ቦታው ድሮ ባሕር ነበር። እዚህ ድረስ ወንድሜ ብቻውን አስተማሪ ነበር።

ከዚያ «ጥቁር ድንጋይ ላይ የሚታዩት ቀዳዳዎች ከምን መጡ?» ብሎ ጠየቀ። እናቴ እስከዚያ ድረስ ቡና እየቆላች ዝም ብላ ነበር። «እኔ የማውቀው ለወፍጮ የሚሆነው ቀዳዳ ያለው መሆኑን ነው» አለች። «ልሙጡ እህሉን ያንሸራትታል። ቀዳዳውም ሲያልቅ እንወቅረዋለን።» ወንድሜ ቀዳዳው ቅልጡ ሲቀዘቅዝ ውስጡ የቀረ የጋዝ አረፋ መሆኑን ነገራት። «ታዲያ ዕድሜዬን ሙሉ የአረፋ ሥራ ስሠራ ነው የኖርኩት» ብላ ሳቀች። ነጥቡ ለእሷ ተሰጠ። ልጄ መጁን በየትኛው እጅ እንደምትይዘው ስትጠይቃት ጨዋታው ለሩብ ሰዓት ቆመ።

ለቤታችሁ ብታዘጋጁ አንድ ነገር ልምከር፤ ከጥያቄዎቹ አንዱ አያት ብቻ የምትመልሰው ይሁን።

ከባዱ የመጣው በሦስተኛው ሳምንት ነው። ስምጥ ሸለቆው በዓመት ስንት ይሰፋል? እኛ ጋ ግማሽ ሴንቲ ሜትር ገደማ፤ የእጅ ጥፍር በሁለት ወር የሚያድገውን ያህል እንኳ አይሞላም። ልጄ ጥፍሯን አየችና «እንዲህ ቀስ የሚል ከሆነ ለምን ያንቀጠቅጣል?» አለች። ወንድሜ አላድበሰበሰም። ዓለቱ ተያይዞ ይቆይና በአንዴ ይላቀቃል፤ አንዳንዴ ደግሞ ቅልጥ ዓለት ከታች እየገፋ ይሰነጥቀዋል። መስከረም 1998 አፋር ውስጥ ዳባሁ አጠገብ 60 ኪሎ ሜትር የሚሆን መሬት ተሰንጥቆ በሳምንታት ውስጥ እስከ 8 ሜትር መላቀቁንም ነገራት። በዓይኔ «በቃ» ብለው ቀጠለ። በጣም ተናደድኩበት።

«ስለዚህ ተመልሶ ይመጣል ማለት ነው?» አለች ልጄ።

ሁሉም ዝም ሲል መልሱ እኔ ላይ ወደቀ። ሊመጣ እንደሚችል፣ ቀኑን ግን ማንም እንደማያውቅ ነገርኳት። አላለቀሰችም። «ያን ጊዜ ምን እናደርጋለን?» ነው ያለችው። ይሄን ጥያቄ እስከዚያ ምሽት እኛ አዋቂዎቹ ራሳችንን አልጠየቅንም ነበር። ከመስኮትና ከቁም ሳጥን መራቅ፣ ጠንካራው የምግብ ጠረጴዛ ሥር ገብቶ እግሩን መያዝ፣ እየተንቀጠቀጠ ደረጃ ላይ አለመሮጥ። ሦስት ጊዜ ተለማመድን። እናቴ ጠረጴዛ ሥር አልገባም ብላ ጭንቅላቷን በትራስ ሸፈነች። ጫማ አልጋ አጠገብ መኖሩም ለተሰበረ መስታወት ይጠቅማል። ልጄ በግማሽ ትክክል ነበረች። ያን ማታ አውልቃ አልጋው ሥር አስቀመጠችው።

ጨዋታው አልቆመም። ኅዳር 2018 ኃይሊ ጉቢ ፈንድቶ አመዱ የመንን አልፎ ሕንድ ሲደርስ ቀድማ ጥያቄ ያወጣችው ከጨዋታ የተባረረችው እህቴ ናት።

የመጪው ቅዳሜ ጠያቂ ልጄ ናት። ከሰፈራችን ግንባታ አንድ ቀይ አሽ አንስታ በፌስታል ደብቃለች፤ በካሜራ አሳይታ አጎቷን ልትይዘው ነው። መልሱን ለእኔም አልነገረችኝም።