የአባ ዳሚያን ቀኝ እጅ

ሞሎካይ ከሃዋይ ደሴቶች አንዷ ናት። በሰሜኗ በኩል ወደ ባሕር የዘለቀ ጠፍጣፋ መሬት አለ፤ ሦስቱ ጎኑ ውቅያኖስ፣ አራተኛው ቀጥ ያለ ገደል ነው። አጥርም ዘበኛም አያስፈልገውም። የሃዋይ መንግሥት በ1865 እ.ኤ.አ. ሥጋ ደዌ የያዘው ሰው ሁሉ ከወገኑ ተለይቶ እንዲኖር ሕግ ሲያወጣ የመረጠው ይህን ስፍራ ነበር። በዓመቱ የመጀመሪያዎቹ ሕሙማን በመርከብ መጥተው ካላዋዎ ከተባለው ዳርቻ ተራገፉ።

በግንቦት 1873 አንድ የ33 ዓመት ቄስ እዚያ ወረደ። ጆሴፍ ደ ቨውስተር ይባላል፤ ትረሜሎ በምትባል የቤልጂየም መንደር የገበሬ ልጅ ነው። የምንኩስና ስሙ ዳሚያን። ወደ ሃዋይ እንዲሄድ የታዘዘው እንኳ ታላቅ ወንድሙ ነበር፤ ወንድምየው ቢታመምበት እሱ ተተካ። በትልቁ ደሴት ዘጠኝ ዓመት ሲያገለግል ጸሎት ቤቶችን በገዛ እጁ ሲያቆም ስለኖረ፣ ካላዋዎ ሲደርስ ከስብከት ባልተናነሰ አናጢነት ያውቅ ነበር።

አናጢነቱም ነው የጠቀመው። ቤት ስላልነበረው የመጀመሪያዎቹን ሌሊቶች ዛፍ ሥር አደረ። ከዚያ ጎጆ ሠራ፣ የውኃ ቧንቧ ዘረጋ፣ ቤተ ክርስቲያኑን አሰፋ። ሰው ሲሞትም መቃብር ቆፈረ፣ የሬሳ ሣጥን ሠራ። ሣጥን ስል ትንሽ ነገር እንዳይመስላችሁ። በሕይወት ሳለ የተጣለ ሰው ሲሞት እንደ ሰው መቀበሩን ማየት፣ ገና በሕይወት ላለው ጎረቤቱ ትልቅ ወሬ ነው።

ሕሙማኑን እንዳይነካ አለቆቹ አስጠንቅቀውት ነበር። እሱ ግን ቁስላቸውን አጠበ፣ ከጎደሬ የሚዘጋጀውን ፖይ የተባለ ምግባቸውን ከአንድ ገበታ በጣቱ እያጠቀሰ በላ። ፒፓውን እንኳ አብረውት ያጨሱ ነበር። የቁስሉን ጠረን የሚያሸንፍበትም ያው ፒፓ ነው። እንደኛ በአንድ ማዕድ ለሚበላ ሕዝብ የዚህ ትርጉም አይጠፋውም።

የሚገርመው፣ ዳሚያን ሞሎካይ በገባበት ዓመት ኖርዌያዊው ሐኪም አርማወር ሃንሰን የበሽታውን ባክቴሪያ በማይክሮስኮፕ ለይቶ አየ። መድኃኒቱ ግን ገና ሩቅ ነበር። አብዛኛው ሰው በተፈጥሮው ሥጋ ደዌን የመቋቋም አቅም እንዳለውም ያኔ አይታወቅም።

ዳሚያን ከአብዛኛው ወገን አልነበረም። በ1884 መጨረሻ እግሩን የሚፋጅ ውኃ ውስጥ ነከረ፤ ቆዳው ተገሸለጠ፣ እሱ ግን አልተሰማውም። በሽታው መጀመሪያ የሚገድለው ነርቭን ነውና ምን ማለት እንደሆነ ለማወቅ ሐኪም አላስፈለገውም። ሥራውን ሳያቆም በሚያዝያ 1889፣ በ49 ዓመቱ አረፈ።

ከመሞቱ ጥቂት ወራት በፊት መነኩሲቷ ማሪያን ኮፕ እህቶቿን ይዛ ልትረዳው መጥታ ነበር። እጅ መታጠብን ጥብቅ ሕግ አድርጋ እስከ 1918 እዚያው ኖረች፤ አልተያዘችም። ይህን ሳስብ፣ የዳሚያን አለመጠንቀቅ ራሱ ቅድስና ነበር የሚሉት ሰዎች የተሳሳቱ ይመስለኛል። እሷም በ2012 ቅድስት ተብላለች።

ከሞተ በኋላ ሐሜት ተነሣበት። ሆኖሉሉ የሚኖር ሃይድ የተባለ ፕሮቴስታንት ቄስ ቆሻሻና ግትር ነበር ብሎ ጻፈ። ደራሲው ሮበርት ሉዊስ ስቲቨንሰን፣ ራሱ ፕሮቴስታንት ሆኖ ሳለ፣ ሞሎካይን አይቶ ስለነበር በ1890 በግልጽ ደብዳቤ መልስ ሰጠው። ጉድለቱን አልካደም፤ ሌላው በቤቱ ተቀምጦ ሳለ ዳሚያን ግን ሄደ ነው ያለው።

መጀመሪያ የተቀበረው ያደረበት ዛፍ ሥር ነበር። በ1936 ቤልጂየም አስከሬኑን አስመጥታ ሉቨን አሳረፈችው። የሞሎካይ ሰዎች ቅር አላቸው። በ1995 ብፁዕ ተብሎ ሲታወጅ ቀኝ እጁ ተመለሰላቸው፤ አሁን ካላዋዎ፣ በጥንቱ መቃብሩ ውስጥ ናት።