አውራሪስ ከሰቲት ዳር ለምን ጠፋ?

ዛሬ ስለ አውራሪስ እንነግራችኋለን። «እዚህ የሌለ እንስሳ ምን ያደርግልናል?» ትሉ ይሆናል። ነገር ግን አውራሪስ ቀድሞ በዚሁ አካባቢ ይኖር ነበር። እንግሊዛዊው ሳሙኤል ቤከር እ.ኤ.አ. በ1861 የተከዜን የታችኛውን ክፍል፣ ማለትም ሰቲትን ይዞ ሲጓዝ አውራሪሶች እንዳየ ጽፏል። የሐምራን ዐረቦችም በፈረስ ተቀምጠው በሰይፍ ያድኑ ነበር። ዛሬ ግን በገዳሪፍም ሆነ በመተማ በረሃ አንድም አውራሪስ የለም።

ለመሆኑ ምን አጠፋው? ጠላቱ የገዛ ቀንዱ ነው። የአውራሪስ ቀንድ እንደ በሬ ቀንድ በውስጡ አጥንት የለውም፤ ጥፍራችንና ጠጉራችን ከተሠሩበት ኬራቲን ከሚባል ነገር የተሠራ ነው። ስለዚህ ቀንዱን ለመድኃኒት ፈጭቶ የሚጠጣ ሰው ጥፍሩን ፈጭቶ ከሚጠጣ ሰው የተለየ ጥቅም አያገኝም። ሆኖም በሩቅ ምሥራቅ ለመድኃኒት፣ በየመን ደግሞ ጃምቢያ ለሚባለው ጩቤ እጀታ ይፈለግ ነበር። በአገራችንም መኳንንቱ ዋንጫና የጎራዴ እጀታ ያሠሩበት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ብዙ የመናውያን በሳዑዲ ዐረቢያ ሠርተው ገንዘብ ሲያገኙ የቀንዱ ዋጋ ናረ፤ አዳኙም በረከተ።

አንዲት አውራሪስ 15 ወር ያህል አርግዛ የምትወልደው አንድ ብቻ ስለሆነ የተገደለው ቶሎ አይተካም። በመሆኑም በመላው አፍሪካ በአሥር ሺህ የሚቆጠረው ጥቁር አውራሪስ እ.ኤ.አ. በ1995 ወደ 2,400 ገደማ ወረደ። ሰሜናዊው ነጭ አውራሪስ ደግሞ የባሰ ደረሰበት። እ.ኤ.አ. በ1975 በዛሬይቱ ደቡብ ሱዳን የተያዘውና «ሱዳን» የተባለው የመጨረሻው ወንድ እ.ኤ.አ. በ2018 ኬንያ ውስጥ ሞተ። ከእርሱ በኋላ የቀሩት ሴት ልጁና የልጅ ልጁ ብቻ ናቸው።

ጥበቃ ግን ውጤት አለው። በደቡብ አፍሪካ እ.ኤ.አ. በ1800ዎቹ መጨረሻ ከ100 በታች የነበረው ደቡባዊ ነጭ አውራሪስ ተጠብቆ ዛሬ ከ15,000 በላይ ሆኗል። ጥቁሩም ከ6,000 አልፏል።

ይህ እኛን የሚነካን ለምንድን ነው? ከገዳሪፍ በስተደቡብ እ.ኤ.አ. በ1935 የተከለለው የዲንደር ፓርክ ይገኛል፤ ከድንበሩ ወዲያ ደግሞ የእኛው አላጥሽ አለ። ዝሆን፣ አንበሳና ሌሎችም አራዊት ድንበር ሳያግዳቸው ከአንዱ ወደ ሌላው ይሻገራሉ። ጠመንጃ በበዛበትና ሰው በተቸገረበት ጊዜ እነዚህም እንደ አውራሪስ ሊያልቁ ይችላሉ።

ወላጆች ሆይ፣ ችግራችሁን እናውቃለን። የነብር ቆዳ ወይም የዝሆን ጥርስ ብታመጡ ገንዘብ እሰጣለሁ የሚል ነጋዴ ሊመጣ ይችላል። ትልቁ ትርፍ የሚቀረው ለእርሱ ነው፤ በመንገድ ላይ ተይዞ የሚታሰረው ግን ተሸካሚው ነው። ስደተኛ ሲታሰር ደግሞ ልጆቹን ማን ይጠብቅለታል? ተማሪዎችም ግልገል አትያዙ፣ ወጥመድ አታጥምዱ፣ በጫካ ውስጥ የለኮሳችሁትን እሳት ሳታጠፉ አትሂዱ። ይህን ለታናናሾቻችሁም እንድትነግሩ አደራ እንላለን።