ሳይሰበሰቡ ማልቀስ፦ እድርና ወረርሽኝ

እድር ሰው ሲሞት ሰው የሚሰበስብ ተቋም ነው። ጡሩምባው ይነፋል፣ ድንኳኑ ይተከላል፣ ወንበሩና ድስቱ ከመጋዘን ይወጣል፤ ሐዘንተኛውም እስከ ሰልስት ድረስ ብቻውን አያድርም። መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ አዲስ አበባ ላይ መገኘቱ ሲነገር፣ የእድር ዳኞች የገጠማቸው ፈተና ይህ ነበር፦ መጽናኛ የሆነው መሰብሰብ ራሱ በሽታ ማዛመቻ ሆነ።

መጋቢት 30 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። ከአራት ሰው በላይ የሚገኝበት ስብሰባ ተከለከለ፣ ለቀብር የሚወጣውም ሰው ቁጥር ተወሰነ። ወርሃዊው ስብሰባ ቆመ። በአብዛኛው እድር ደግሞ መዋጮ የሚሰበሰበው፣ የቀረ የሚቀጣው፣ የታመመ የሚጠየቀው በዚያው ዕለት ነው። በስልክ ገንዘብ የሚላክበት ቴሌብር ሥራ የጀመረው በግንቦት 2013 ስለሆነ፣ ያኔ በአብዛኛው የነበረው አማራጭ ባንክ ማስገባት ወይም ገንዘብ ያዡ ቤት ለቤት እየዞረ መቀበል ነበር። ሥራ የቆመባቸውን አባላት በመዋጮ የታገሡ፣ ቅጣት ያነሡ እድሮችም ነበሩ። ይህ ቀላል ውሳኔ አይደለም፤ የእድር ካዝና የሚሞላው በየወሩ በሚገባው በዚያችው ጥቂት ብር ነውና።

ለቅሶ ቤቱ መልኩን ለወጠ። መግቢያው ላይ ቧንቧ የተገጠመለት ጄሪካንና ሳሙና ተቀመጠ፤ የድንኳኑ ግድግዳ አየር እንዲገባ ተገለጠ፤ ወንበሮቹ ተራርቀው ተደረደሩ። ለቅሶ ደራሹ ሐዘንተኛውን አቅፎ በማልቀስ ፈንታ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ጎንበስ ይል፣ ጥቂት ቁጭ ብሎም ለተረኛ ቦታ ይለቅ ነበር። ከአስከሬን ናሙና ይወሰድ በነበረበት ጊዜ ደግሞ ውጤት መጠበቅ ግድ ሆነ። ዛሬ ሞቶ ዛሬ መቀበር ለለመደ ቤተሰብ ያ ጥበቃ ሌላ ሐዘን ነበር። በወጉ ሳያለቅስ እናቱን የቀበረ ሰው ቁጭቱ ዛሬም አልወጣለትም፤ ትክክልም ነው።

ያም ሆኖ እድር ራሱን ሲለውጥ ይህ የመጀመሪያው አልነበረም። ኤድስ ቀድሞ አስተምሮታል። በ1978 ዓ.ም. የመጀመሪያዎቹ ሕሙማን ከታወቁ በኋላ በነበሩት ዓመታት፣ በተለይ በ1990ዎቹ መጀመሪያ፣ በየከተማው ለጋ ወጣቶችና ወላጆች በላይ በላዩ ሞቱ። ለሽማግሌ ሞት የተሰላው መዋጮ ይህን አልቻለም። ደንቡ የሚለው ሰው ሲሞት ክፈል ነው፤ አልጋ ላይ ወድቆ መድኃኒትና ምግብ ላጣ አባል ግን ሳንቲም አይፈቅድም። ብዙ እድሮች ይህን ነውር ተገንዝበው ደንባቸውን አሻሻሉ። ሕመምተኛ መንከባከብ፣ ወላጅ አልባ ልጆችን ማስተማር ጀመሩ፤ አንዳንዶቹም ከአጎራባቾቻቸው ጋር ኅብረት መሠረቱ። የፀረ ኤችአይቪ መድኃኒት በነፃ መሰጠት የተጀመረው በጥር 1997 ነው፤ እስከዚያ ድረስ አቅም ያጣ በሽተኛ የቀረው ተስፋ ጎረቤት ነበር። እርግጥ በዚያው መንደር በሽታው የሚደበቅበት፣ በሽተኛው የሚሸሽበት ቤትም ነበር፤ እድር ከአካባቢው ሰው የተለየ ልብ የለውም።

እኔን አብዝቶ የሚያሳስበኝ የእድሩ የአባላት መዝገብ ነው። በዚያ ደብተር ላይ ስማቸው የሰፈረው በአብዛኛው የቤት ባለቤቶችና ነባር ነዋሪዎች ናቸው። በየስድስት ወሩ ቤት የሚቀይረው ተከራይ፣ የቀን ሠራተኛው፣ በሰው ቤት ተቀጥራ የምትሠራው ልጅ የሉበትም። ኮሮና ደግሞ ከሁሉ አስቀድሞ የዕለት ጉርስ የነጠቀው እነሱን ነው። ለተቸገረ ማዕድ እናጋራ ሲባል ጎረቤት ያወቃቸው ደረሳቸው፤ ማንም የማያውቃቸው ቀሩ። መግቢያ ከፍላችሁ፣ እድሩ ከተመሠረተበት ጊዜ ጀምሮ ያለውን ድርሻ አሟሉ የሚል እድር እነዚህን ሰዎች በሩ ላይ ይመልሳቸዋል።

መንግሥትም ከእድር ጋር ያለው ግንኙነት መታረም አለበት። የወረዳው ባለሥልጣን የእድር ዳኛውን የሚጠራው ብዙውን ጊዜ አስቀድሞ የተወሰነን ነገር ለሕዝብ እንዲያደርስለት ነው። ማን ብቻውን እንደሚኖር፣ ማን የስኳር ሕመምተኛ እንደሆነ፣ የማን ቤት እሳት ሳይነድ እንደዋለ የሚያውቀው ግን ዳኛውና የሴቶች እድር መሪዋ ናቸው። የወረርሽኝ መከላከያ እቅድ ሲወጣ እነሱም አብረው ይቀመጡ። እድሮችም ሌላ ወረርሽኝ ሳይመጣ ሦስት ነገር በደንባቸው ይጻፉ፦ ለታመመ የሚወጣ ገንዘብ፣ ለተከራይ የሚመች አነስተኛ መዋጮ፣ ስብሰባ ሲከለከል ውሳኔ የሚሰጥ ኮሚቴ። ጠቅላላ ጉባኤ መጥራት በሚቻልበት በዛሬው ቀን ይህ የአንድ እሑድ ሥራ ነው።