ያቀረቀረው አበባ፦ የዕፅዋት አቋምና የላቲን ቃላት

ለፊዚክስ ሰው ማዕዘን ማለት ቁጥር ነው። አንድ ዘንግ ከሌላው ጋር ስንት ዲግሪ እንደሚሠራ ከታወቀ ጉዳዩ ያለቀ ይመስለናል። ከጥቂት ዓመታት በፊት ከአንድ የዕፅዋት ሳይንስ ባልደረባችን ጋር ወደ ሄርባሪየም፣ ማለትም የደረቁ የዕፅዋት ናሙናዎች ወደሚጠበቁበት ክፍል፣ ገብተን ነበር። በወረቀት ላይ ከተለጠፈ አንድ ናሙና ዘንድ ስንደርስ ፕሮትራክተር አውጥተን የአበባው ዘንግ ከግንዱ ጋር የሚሠራውን ማዕዘን መለካት ጀመርን። ባልደረባችን ፈገግ ብለው «ይህ የተክሉ ማዕዘን አይደለም፤ ናሙናውን በጋዜጣ መካከል ያስተኛው ሰው የሠራው ነው» አሉን።

ታዲያ እውነተኛው ማዕዘን ወዴት ሄደ? መልሱ የሚገኘው በናሙናው ጥግ ላይ በተለጠፈችው ትንሽ መግለጫ ነው፤ ያውም ሰብሳቢው በመስክ ሳለ ከጻፈው ብቻ።

የስዊድኑ ሊቅ ካርል ሊኔየስ እ.ኤ.አ. በ1751 ባሳተመው «ፊሎሶፊያ ቦታኒካ» የዕፅዋት ክፍሎች የሚገለጹባቸውን የላቲን ቃላት ሥርዓት አስይዟል። ከእነዚህ መካከል አቋምን የሚያመለክቱትን ስንመረምር በሁለት ወገን ሊከፈሉ እንደሚችሉ እንረዳለን።

የመጀመሪያዎቹ መነሻቸው የተክሉ የራሱ ግንድ ነው። «አድፕሬሱስ» ቅጠሉ ከግንዱ ጋር ተጣብቆ መተኛቱን፣ «ፓቴንስ» ከግንዱ ርቆ መዘርጋቱን፣ «ሬፍሌክሱስ» ደግሞ ወደ ኋላ መታጠፉን ይገልጻሉ። የሁለተኛዎቹ መነሻ ግን የመሬት ስበት ነው። ግንበኛ ቱምቢውን ጥሎ ግድግዳውን እንደሚመዝን ሁሉ፣ እነዚህም ተክሉን ከስበት አቅጣጫ ጋር ያስተያያሉ። «ኑታንስ» ያቀረቀረ፣ «ፔንዱሉስ» የተንጠለጠለ ማለት ነው፤ ፔንዱለም የሚለው የፊዚክስ ቃልም ከዚሁ ሥር የመጣ ነው። «ፕሮኩምቤንስ» በመሬት ላይ የተጋደመውን፣ «ዴኩምቤንስ» ተጋድሞ ጫፉን ቀና ያደረገውን፣ «ሬፔንስ» ደግሞ እየተሳበ ከአንጓዎቹ ሥር የሚሰድደውን ያመለክታሉ።

ይህ ክፍፍል የቃላት ጨዋታ አይደለም። ተክሉ በወረቀት ላይ ሲጨፈለቅ ከመጀመሪያው ወገን ጥቂት ፍንጭ ሊተርፍ ይችላል። የሁለተኛው ወገን ግን ፈጽሞ ይጠፋል፤ ወረቀቱ ላይና ታች የለውምና።

ቃላቱ አቋሙን እንጂ ምክንያቱን እንደማይናገሩም ልብ ማለት ይገባል። ሊኔየስ እ.ኤ.አ. በ1753 አንድን እሾሃማ ተክል «ካርዱስ ኑታንስ» ብሎ የሰየመው የአበባው ራስ ስለሚያቀረቅር ነው። የፊዚክስ ሰው ይህን ሲያይ «ክብደቱ ጎተተው» ለማለት ይቸኩላል። ነገር ግን በአውሮፓ እርሻዎች የሚታየውን ቀይ ፖፒ፣ «ፓፓቬር ሮያስ»ን፣ እንመልከት። እምቡጡ አንገቱን ደፍቶ ይቆያል፤ አበባው ሊፈካ ሲል ግን ዘንጉ ቀና ይላል፤ ፍሬውም ቀጥ ብሎ እንደ ቆመ ይበስላል። ስለዚህ ክብደት ብቻውን ምክንያት ሊሆን አይችልም። የዘንጉ ጥንካሬና በሁለት ጎኖቹ ያለው የእድገት ልዩነትም መታየት አለባቸው።

አንባቢ በቀላሉ ሊሞክረው የሚችል ፈተና አለ። ያቀረቀረ አበባ ያለበትን ዘንግ ይዘን ቁልቁል እንገልብጠው። ጎንበስ ያደረገው ክብደት ከሆነ መታጠፊያው ይፈታል፤ እድገቱ አጽንቶት ከሆነ ግን ቅርጹን እንደያዘ ይቆያል። ይህን ፈተና በደረቀ ናሙና ላይ ማካሄድ አይቻልም።

ከጥር ወር 2012 እ.ኤ.አ. መግቢያ ጀምሮ አዲስ የዕፅዋት ዝርያን በላቲን ወይም በእንግሊዝኛ መግለጽ ተፈቅዷል። ሳይንሳዊ ስሞች ግን ዛሬም የላቲን መልክ እንደያዙ ናቸው፤ የአቋም ቃላቱም በስሞቹ ውስጥ ይኖራሉ።

ስለዚህ ለመስክ ሥራ የምትወጡ ተማሪዎቻችንን አንድ ነገር አደራ እንላለን። ተክሉን ከመቁረጣችሁ በፊት ቆም ብላችሁ አስተውሉ፤ ቅጠሉ ወዴት ተዘረጋ? አበባው ቀና ብሏል ወይስ አቀርቅሯል? ያያችሁትን በላቲንም ሆነ በአማርኛ እዚያው ጻፉ። ቀለምና ቁመት ኋላ ሊጣራ የሚችልበት አጋጣሚ አለ፤ የጠፋ ማዕዘንን ግን ምንም ፕሮትራክተር አይመልሰውም።