የምታስፈራው እናት

በቦሌና ከዚያም ወደ ምሥራቅ፣ በገርጂም ሆነ በሰሚት፣ ለምንኖር ሰዎች ሕንዳውያንን ማየት አዲስ ነገር አይደለም። መምህር፣ ነጋዴ ወይም የፋብሪካ ባለሙያ ሆነው አብረውን ይኖራሉ። ከእነርሱ መካከል የሂንዱ ሃይማኖት ተከታዮች አሉ። ከአንዳንዶቹ ቤት ብንገባ ግድግዳው ላይ የሚያስደነግጥ ሥዕል እናይ ይሆናል። የሴት ሥዕል ነው። መልኳ ጥቁር ነው፤ ምላሷ ወጥቷል፤ አንገቷ ላይ የራስ ቅል ተደርድሯል፤ በእጇም ሰይፍ ይዛለች። «ይህቺማ ሰይጣን ናት!» የሚል አይጠፋም። ነገሩ ግን እንደዚያ አይደለም።

ስሟ ካሊ ነው። የሚያመልኳት ሰዎች «እናታችን» ይሏታል። ታዲያ እናት እንዴት እንዲህ ታስፈራለች? ከሚነገሩት ታሪኮች አንዱን እንመልከት። ራክታቢጃ የሚባል ጋኔን ነበር። ሲወጉት ከደሙ ጠብታ መሬት በነካ ቁጥር እርሱን የመሰለ ሌላ ጋኔን ይነሣል። ቢወጉት ይበዛል እንጂ አያልቅም። ካሊ ምላሷን ዘርግታ ደሙን መሬት ሳይነካ ጠጣችው፤ ጋኔኑም ጠፋ። እንግዲህ የምላሷ ምሥጢር ይህ ነው። ቁጣዋ በክፉው ላይ እንጂ በልጆቿ ላይ አይደለም። እባብ ልጇን ሊነድፍባት ሲል የእናት ፊት ይለወጣል። ልጁ ግን ወደ እርሷ ይሸሻል እንጂ ከእርሷ አይሸሽም።

ታሪኩ ካሊ የወጣችው ከዱርጋ ግንባር ነው ይላል። ዱርጋ 10 እጆች አሏት፤ በአንበሳ ላይ ሆና የጎሽ መልክ የያዘ ጋኔን በጦር ትወጋለች። በዓሏ በእኛ አቆጣጠር በመስከረም ወይም በጥቅምት ይውላል። በጨረቃ ስለሚቆጠር ቀኑ በየዓመቱ ይለዋወጣል። ሦስት ሳምንት ያህል ቆይቶ፣ ጨረቃ በማትታይበት ሌሊት፣ የካሊ በዓል ይከበራል።

ድሮ ካልካታ፣ ዛሬ ኮልካታ በምትባለው የሕንድ ከተማ ኩማርቱሊ የሚባል ሠፈር አለ። እዚያ ያሉ ባለሙያዎች ከወራት በፊት ጀምረው ከቀርከሃ፣ ከጭድና ከወንዝ ጭቃ የዱርጋን ምስል ያበጃሉ። የአገሩ ሰዎች ዱርጋን የሚያዩዋት ከባሏ ቤት ልጆቿን ይዛ ወላጆቿን ልትጠይቅ እንደመጣች ሴት ልጅ ነው። በ10ኛው ቀን ሴቶች ጣፋጭ ወደ አፏ ያስጠጉላታል። ከዚያም ምስሏ ወደ ወንዝ ወርዶ ውኃ ውስጥ ይገባል። ቀለሙና ጭዱ ወንዙን እንዳይበክል ዛሬ የከተማው አስተዳደር ቅሪቱን በክሬን ያወጣል።

«ያን ያህል ደክሞ ሠርቶ ውኃ ውስጥ መክተት ምን ይባላል?» እንል ይሆናል። እኛስ ደመራን የምንደምረው ልናቃጥለው አይደለም እንዴ? ዩኔስኮ የመስቀልን በዓል በ2006 ዓ.ም.፣ የኮልካታን የዱርጋ በዓል ደግሞ በ2014 ዓ.ም. በአንድ የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ አስፍሯቸዋል።

የጎረቤትን እምነት ለማወቅ እምነቱን መቀበል አያስፈልግም። ስለዚህ ሥዕሉን አይተን ከመሸሽ፣ «ይህ ምን ማለት ነው?» ብለን እንጠይቅ። የሚያስፈራውን ፊት ብቻ ያየ ሰው እናቲቱን አላያትም።